እኛ በጎ ፈቃደኛ አይደለንም

ሰላም አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጤና ሥርዓት መጠናከር ያወጣችሁትን ዘገባ ልጄ ናት ከስልኳ ያነበበችልኝ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ህንፃው፣ ስለ ስፔሻሊስቱ ብዙ ጽፋችኋል፣ ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን ያንገበገበኝ አንድ መስመር ነው፣ "በየቀበሌው ያሉ በጎ ፈቃደኛ የጤና ኤክስቴንሽኖች" የምትለዋ። ልጄ እዛ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና "እማ፣ አንቺ በነፃ ነው እንዴ የምትሠሪው?" አለችኝ። ወላሂ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

እኛኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነን። ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ተብሎ ነው፣ 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ አንድ ዓመት የሰለጠነች፣ ደሞዝ የምትቀበል። እኔ በ1999 ነው የገባሁት፣ ኮምቦልቻ ዙሪያ ካለ አንድ የቃሉ ወረዳ ቀበሌ፣ እስካሁንም እዛው ነኝ። በነፃ የሚያገለግሉት ሌሎች ናቸው፣ የሴቶች ልማት ሠራዊት የምንላቸው እናቶች፣ ነፍሰጡር ያለችበትን ቤት፣ የከሳ ልጅ ያለበትን ቤት ቡና ላይ ሰምተው የሚነግሩኝ። ሁለታችንን አንድ ላይ ስትጨፈልቁን የነሱንም ድካም ነው የቀበራችሁት።

የቃል ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። በጎ ፈቃደኛ ይመሰገናል፣ ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፣ አለቀ። ሠራተኛ ግን በጀት ይያዝለታል፣ ይሰለጥናል፣ ከቀረ ይጠየቃል፣ እኔ አንድ ቀን ብቀር ደሞዜ ይቆረጣል። እንግዲህ ሥርዓት የምትሉት ይሄ አይደለም? በአንድ ጤና ጣቢያ ስር አምስት ጤና ኬላ ሆኖ 25 ሺህ ያህል ሰው እንዲያገለግል ነው የተሠራው፣ ታዲያ እታች ያለውን ሰው በፈቃዱ የመጣ ነው ካላችሁ ምኑን ነው የምታጠናክሩት?

ጋዜጠኛችሁ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አይቶ ያውቃል? አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፣ ዱቄቱ በፈሳሹ ከሟሟ በኋላ 6 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ለአንድ ልጅ ከፍቼ የዘጠኙን መድፋት አንጀቴን ስለሚበላኝ ከዋዜማው ጀምሬ ቤት ለቤት ዞሬ እናቶቹን እቀጥራለሁ፣ ጠዋት ከጤና ጣቢያ በረዶውንና ክትባቱን በካሪየር፣ በክትባት መያዣው ሳጥን፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እወጣለሁ፣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ቆላው ደግሞ ፀሐዩን ታውቁታላችሁ፣ ብልቃጡ ላይ ያለችው ሙቀት እንደነካው የምታሳየው ምልክት ቀለሟ እንዳይቀየር በየዛፉ ጥላ እያረፍኩ ነው የምሄደው። የ9 ወሩን ስከትብ 15 ወር ሲሞላው ደግማችሁ አምጡት እላለሁ፣ ካላመጡት እኔው እሄዳለሁ። የወባ ምርመራውም፣ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተሙም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ኢምፕላኖኑም እዛችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለራሴ ማውራት አልወድም ግን ካነሳችሁት ይነገር። ደረጃዬን ለሚያሳድገው የሌቭል 4 ትምህርት ሁለቴ ስሜ ወጥቶ ሁለቴም ሌላ ሰው ሄዷል። ባለቤቴ ከተማ ነው የሚሠራው፣ ዝውውር ከጠየቅኩ 8 ዓመቴ፣ ማመልከቻዬን የተቀበለኝ ቢሮ ፋይሉ ጠፍቷል ብሎ ሦስቴ አስጽፎኛል። በጎ ፈቃደኛ ብሆን ይሄኔ ጥዬ ሄጄ ነበር።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ የሆነውን ስሙ። ጤና ኬላው ተዘረፈ፣ ፍሪጁ ሄደ፣ አልጋው ሄደ፣ ሚዛኑ ሳይቀር። እኔ ከመሸሼ በፊት የክትባት መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ ከማሽላው ስር ቀበርኩት። ህዳር መጨረሻ ስንመለስ የተረፈን እሱ መዝገብ ብቻ ነበር፣ የማን ልጅ ስንተኛው ክትባት ላይ እንደቀረ ያወቅነው ከሱ ነው፣ እነዛን ልጆች በስም እየጠራሁ ነው የሰበሰብኳቸው። እናንተ ግን ከጦርነቱ በኋላ ስለተመለሰው አገልግሎት ስትጽፉ የተተካውን ዕቃ ቆጥራችሁ ይቺን ሳታነሱ አለፋችሁ። ደሴ ድረስ መጥታችሁ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ከኛ አንዷን እንኳን ሳታናግሩ እንዴት ስለኛ ይጻፋል? ያውም በስህተት!

የምጠይቀው ማስተካከያ እንድታወጡ ነው፣ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ ልጄም እንድታነበው። ሐሙስ ክትባት አለኝ፣ ጠዋት 1 ሰዓት በረዶ ለመውሰድ ጤና ጣቢያው በር ላይ እሆናለሁ። ጋዜጠኛችሁ ከመጣ አብረን እንሄዳለን፣ መንገዱ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ
ከኮምቦልቻ ዙሪያ