አባቴን «አስታማሚ» ብለው ለወሰዱልን ሻምበል ባሻ፣ ለሌሎቻችሁም

ባለፈው የካቲት አባታችን ከቤት ወጥቶ በጠፋ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዘጠኝ ወራት፣ በሰቃ ጨቆርሳም ሆነ በጅማ ከተማ ሆናችሁ ከጎናችን ላልተለያችሁ ሁሉ እኔና ወንድሞቼ ከልብ እናመሰግናለን። የሆነውን በአካባቢያችን የማያውቅ ስለሌለ ታሪኩን አልደግመውም፤ አባቴም እነዚያ አራት ሌሊቶች እንዲነሡበት አይወድም።

ባትሪ ይዛችሁ የቡናውን ጫካ ያሰሳችሁ የቀበሌያችን ወጣቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ በቅሎአቸውን ያዋሱን ሼህ ጎረቤታችን፣ ቤታችን በሰው ሲጨናነቅ ከምድጃው ያልተነሣችሁ እናቶች፣ ፈጣሪ ውለታችሁን ይክፈልልን።

አባቴ ከተገኘ በኋላ የመጣው ግን ከፍለጋው የባሰ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ አልሄድም አለ። አልፈርድበትም። ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ወስደነው፣ ካርድ የሚያወጣው ሰው በመስኮቱ በኩል «የእብዱ ቤተሰብ የታል?» ብሎ ሲጣራ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አይቶታል። ቦታውን አልጠቅስም። አባቴ የዚያን ቀን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕክምና ያነሣንበት ጊዜ ሁሉ ጠብ ሆኖ ያልቅ ነበር።

አሁን ስለ ሻምበል ባሻ ልናገር። ስማቸው እንዳይጻፍ ስላስጠነቀቁኝ በማዕረጋቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተዋጉ፣ ዛሬ ጅማ ሄርማታ አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ደግሞ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከምፅዋ የተረፈ፣ ሠራዊቱ ሲበተን በ1983 ዓ.ም. ወደ ገጠር የተመለሰ ሃምሳ አለቃ ነው። በአንድ ግንባር አልተሰለፉም፤ የተዋወቁት ቡና ሲሸጥ ነው። ሻምበል ባሻ የአባቴን ነገር እንደሰሙ ከጅማ እስከ ሰቃ በሚኒባስ፣ ከሰቃ በሞተር ሳይክል፣ የመጨረሻውን ዳገት በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። እኛ «ይምከሩልን» ብለን ስንጠብቅ ስለ ሕመም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሦስቱንም ስኒ ቡና ጠጡ፣ ስለ እሸት ቡና ዋጋ ተጫወቱ፣ ሊሄዱ ሲነሡ ብቻ እንዲህ አሉት፦ «ሃምሳ አለቃ፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ ልጆቼ ሥራ ላይ ስለሆኑ አስታማሚ አጥቻለሁ። ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው።»

አባቴ ጓዱን ብቻውን የሚሰድ ሰው አይደለም፤ ካፖርቱን ለብሶ ተከተላቸው።

ቀጠሮው የፈጠራ አልነበረም። ሻምበል ባሻ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ይህንንም የቅርብ ወዳጆቻቸው እንኳ አያውቁም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሸሸጉትን ምሥጢር ለአባቴ ሲሉ አወጡት፤ ይህን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይቀድመኛል። በመጀመሪያው ቀጠሮ አባቴ ወደ ክፍሉ አልቀረበም፤ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። በሁለተኛው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው «ጆሮዬ ስለከበደኝ ሐኪሟ የምትለውን ስማልኝ» ብለው ይዘውት ገቡ (ጆሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰማል)። ነርሷ ስለ ሕልማቸው ስትጠይቃቸው፣ «ቀንሷል፤ የካቲት ሲገባ ግን ይመለሳል» አሏት። አባቴ እስከ መናኸሪያው ድረስ ዝም ብሎ ሄደ፤ ሚኒባስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሮ «የኔም የካቲት ነው» አለ።

በአራተኛው ጉዞ በራሱ ስም ካርድ አወጣ።

እናቴ ይህን ሳታይ አለፈች። ሌሊት ሲቃዥ ቀርባ ብትነካው ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ፣ ከአልጋው ርቃ ቆማ በቀርከሃ ዘንግ እግሩን እየነካች ትቀሰቅሰው ነበር፤ ዘንጉ እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ አለ። የጓሯችን አቮካዶ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ በወደቀ ቁጥር አልጋ ሥር ሲገባ እያየች፣ ዛፉ እንዲቆረጥ የፈረደችውም እሷ ነበረች። እኛ ልጆቿ ቁጡነት ነው፣ የጫት ጠባይ ነው እንል ነበር። ያቺ ነርስ ግን ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ፣ ስምም ሕክምናም ያለው የጭንቀት ሕመም መሆኑን አስቀምጣ አስረዳችን። አባቴ የሚቅመው ሕልሙን ፈርቶ ላለመተኛት እንደሆነ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሕመሙን መልሶ እንደሚያብሰው ያወቅነው ከእሷ ነው። ክኒኑ ለውጡን ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያውክ እንደሚችልና «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ እንደማይገባ አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጥለነው ነበር። ጸበሉን ተው አላለችውም፤ «ጸበልዎን ይጠጡ፣ ክኒኑንም ይዋጡ» ነው ያለችው። የንስሐ አባቱም ይህንኑ ስላጸኑለት እናመሰግናቸዋለን።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልጄ፣ አንቺንም አልረሳሁም። ደጃችን በመጣሽ ቁጥር «አእምሮ» የምትለውን ቃል ሳታነሺ «አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ማለትሽ ለእሱ ትልቅ ክብር ነበር። በጤና መድኅኑ እንድንታከም ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ያስጻፍሽልንም አንቺ ነሽ፤ ያለዚያ ሙሉውን ከኪሳችን ልንከፍል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሚለው ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. እንዲሠራበት የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ለእኔ፣ ለመምህሯ፣ ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አባቴ መድኃኒቱን ከቤቱ የአርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ካለው ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ጅማ የሚወርደው ሐኪም ሲጠራው ብቻ ነው። ምንም እንኳ መድኃኒቱ ያለቀበት ወር ባይጠፋም፣ ለጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ምስጋናችን የላቀ ነው።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ በዚያ ሰሞን ስልካችሁን ሳላነሣ የቀረሁባችሁ ዘመዶችና የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ ክፍለ ጊዜዬን ሸፍናችሁልኝ «ደኅና ናችሁ?» እንኳ ሳልላችሁ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታናሽ ወንድሜም ከሥራው ቀርቶ ሦስት ሳምንት በሩ ላይ ተኝቷልና፣ በዚህ ደብዳቤ ስሙ ቀረ ብሎ እንዳይቀየመኝ።

ሻምበል ባሻ፣ አባቴ የክኒኑን ሰዓት በራሱ ያስታውሳል፤ ጫቱን አልተወም፣ ግን ከቀትር በኋላ አይቅምም። ለሚቀጥለው ቀጠሮዎ አስታማሚዎ እሱ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳይዙ አደራ ብሏል። ለመጓጓዣ ያወጡትን ገንዘብ ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስቱንም መልሰውብኛል። አሁን በወንድሜ እጅ የላክሁት ግን ከራሱ ከአባቴ ማሳ በዚህ ኅዳር የተለቀመ ቡና ነው፤ የለቀመውም እሱ ራሱ ነውና፣ እባክዎ ይህን እንኳ አይመልሱብን።