ስለ አስናቀች የሚሠራ ቴአትር ክራሩን ከመድረክ አያርቅ

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

የቀደሙ የባህል ሙዚቀኞችን ሕይወት በቴአትርና በሙዚቃ አዋሕዶ የማቅረብ ሐሳብ በከተማችን በባሕር ዳር በጥበብ ወዳጆች ጨዋታ ላይ ሲነሣ እሰማለሁ፤ የክራር ደርዳሪዋና የተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ ስም መጠራቱም ደስ ያሰኘኛል። አስናቀች የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆንም ዜማዋ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ሐሳቡ ወደ ልምምድ ከመግባቱ በፊት ግን ልጠይቅ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በቴአትሩ ውስጥ ክራሩ በዚያው ሰዓት፣ በተመልካች ፊት እንዲመታ ነው።

በየበዓሉ መድረክ የለመድነው አሠራር ይታወቃል፤ ድምፁ ከማጫወቻ ይለቀቃል፣ ድምፃዊቷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ክራሩም በእጇ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለአስናቀች አይሆንም። እርሷ በአገራችን መድረክ ቀድመው ከታዩት ሴት ተዋንያን አንዷ፣ በብሔራዊ ቴአትርም ለረጅም ዓመታት ያገለገለች፣ ክራሯን ራሷ እየደረደረች ስንኙን እዚያው የምታዋቅር ባለሙያ ስለነበረች ትወናዋን ከዜማዋ ለይቶ ማሳየት ግማሿን ብቻ ማሳየት ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ካረፈች ወዲህ የቀሩልን ቅጂዎች የክራር ተጫዋቹ አመታቷን ይማርባቸው እንጂ ከመጋረጃ ጀርባ አይከፈቱ።

ተዋናይቷ ክራር የማትችል ከሆነ ደርዳሪ ከጎኗ ትቀመጥ፤ ሁለቱም አስናቀችን ሆነው ቢታዩ ተመልካች አይደናገርም። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ሲታለፍ ክሮቹ እንደገና መቃኘት ስላለባቸው የሚፈጠረውን ፋታ አዘጋጁ ሊፈራው አይገባም፤ እንዲያውም የሴትዮዋን ብቸኝነት ወይም ቀልድ የሚገልጸውን ንግግር ክሩ እየተጠበቀና እየላላ ሳለ ቢያስገባው ከየትኛውም የመብራት ጨዋታ የተሻለ ትዕይንት ያገኛል። የባሕር ዳር ሰው ደግሞ አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል» ማለት የለመደ ነውና በድርሰቱ ውስጥ ተመልካች ስንኝ የሚሰጥበት ቦታ ክፍት ይተውለት። አንዳንዱ ስንኝ ቤት ባይመታም ግድ የለም፤ ሳቁ ራሱ የጨዋታው አካል ነው።

የክራር ድምፅ አነስተኛ ስለሆነ ኪቦርድ ይታከልበት የሚሉ ይኖራሉ። ለእነርሱ የምመልሰው ጠበብ ያለ አዳራሽ እንዲመርጡና ማይክሮፎኑን ድምፁ ወደሚወጣበት የክራሩ ገበቴ እንዲያስጠጉ ነው።

ስለ መልኳና ስለ ፍቅር ሕይወቷ የሚወራው ብዙ ነው፤ ለመድረክም ይጣፍጣል። እኔ ግን ክራር የምትመታ ሴት በመሸታ ቤት ስም ትናቅ በነበረበት ዘመን ሙያዋን ይዛ የቆመችበትን ጽናት ማየት እመርጣለሁ።

እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉ ተቋማት ይህን ሥራ ቢጀምሩት የክራር ተጫዋቹን ድርሰቱ ካለቀ በኋላ ከመጥራት ይልቅ ከመጀመሪያው ንባብ ቀን አንሥቶ እንዲያስቀምጡት፣ ስሙንም በማስታወቂያው ላይ ከተዋንያኑ እኩል እንዲጽፉ፣ ክፍያውንም በዚያው ልክ እንዲያደርጉ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴአትር ተመልካች፣ ከባሕር ዳር