ሸራ ስለተዘረጋ ብቻ ቅድሚያ አለን ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

የ7 ሜትር የሸራ ጀልባ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ንፋሱ ሲደክም ሞተሬን አስነሳሁ፤ ሸራውን ግን አላወረድኩም። ከቀኜ ሌላ የሸራ ጀልባ መጣ። «እኔም ባለ ሸራ ነኝ» ብዬ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ለጥቂት ነው ሳንጋጭ የተላለፍነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ግልጽ ነው። ሸራው ቢዘረጋም ሞተሩ ጀልባውን እየገፋ ከሆነ፣ እንደ ባለ ሞተር ጀልባ ይቆጠራል። በሸራ ብቻ ለሚሄደው መንገድ መልቀቅ አለበት። ቀን ላይ ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጥቁር ሾጣጣ ምልክት ከፊት መስቀል ግዴታ ነው። ያ ምልክት ስንቶቻችን ጀልባ ላይ አለ? እኔ ጋ አልነበረም። ሁለቱም በሸራ ብቻ ሲሄዱ፣ አንዱን ንፋስ ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ ከመታው፣ ከግራ የሚመታው ነው የሚለቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉንም ዕቃ ፈተሽኩ። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው የነፍስ አድን ጃኬት የጋዝ ጠርሙሱ ላልቶ አገኘሁት። እንዲህ ከላላ ጃኬቱ ላይነፋ ይችላል። ያንን ጃኬት ለብሳ የነበረችው ልጄ ናት። እስካሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። ጠርሙሱን በእጅ አጥብቆ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እባካችሁ፣ የጀልባ ወቅት ሲጀምር እነዚህን ደንቦች በአንድ አምድ አውጡልን።

አንድ የጀልባ ባለቤት