መንፈስ የሰፈረበት ሆቴልና የአያትህ ዳዊት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን አሉ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ፣ ስትደውልም ስልክ ሳላነሣ ኖሬ ዛሬ በድንገት ደብዳቤ ሲደርስህ «ምን ነካው?» እንደምትል አውቃለሁ። የዝምታዬን ምክንያት በዚሁ ደብዳቤ እነግርሃለሁ። ይህን ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ግን ባለፈው ጥቅምት በጃፓን አገር፣ በአንድ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ መንፈስ ሰፍሮበታል ተብሎ የተሠራ ሆቴል ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ታገሠኝና ከዚያው ልጀምርልህ።

ወደ ጃፓን የሄድሁት ለሥራ ነበር። ጣናን ስለወረረው እምቦጭና ስለ ሐይቅ ጥበቃ የሚሰጥ ሥልጠና ነበርና ከየአገሩ የመጣን ባለሙያዎች አንድ ወር ያህል አብረን ቆየን። ወደ አገራችን ከመመለሳችን አንድ ቀን በፊት ባልደረቦቼ ከቶኪዮ አጠገብ፣ በቺባ ግዛት ኡራያሱ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ቶኪዮ ዲዝኒ ሲ ወሰዱኝ። እዚያ ብዙ ሰው የሚሰለፍለት አንድ ግንብ አለ፤ ስሙ ታወር ኦፍ ቴረር ነው፤ በእኛ ቋንቋ የሽብር ግንብ ብንለው ይሆናል። ውስጡ መናፍስት ያሉበት ሆቴል እንደሆነና ሰው በአሳንሰር ከላይ ወደ ታች የሚወረወርበት እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እግሬ ወደ ኋላ አለ። በእኛ ቤት የጋኔን ስም እንኳ ሳያማትቡ አይጠራም ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱን ከታሪክ መምህራችን የሰማን ዕለት ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ፣ አንተና እኔ ሳንስቅ እንደቀረን ታስታውሳለህ? በጨለማ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ምን ሊል ይችላል? ዛሬም የማስበው እንደዚያው ነው።

ግንቡ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ 59 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ነው። ይህን ዓይነት መጫወቻ የዲዝኒ ድርጅት መጀመሪያ የሠራው በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ የዚያኛው ታሪክ ግን በመብረቅ ስለተመታ ሆቴል የሚናገር ሌላ ታሪክ ነው። ጃፓኖቹ ለራሳቸው አዲስ ታሪክ አስጽፈዋል። ባልደረባዬ እዚያው ሰልፍ ላይ ሆና ታሪኩን በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ ከአንዱ ቃል በኋላ ሰልፉን ረሳሁት፤ የሰማሁት ስለ ተሰረቀ ዕቃ ነበርና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1912፣ ቦታው ኒው ዮርክ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሆቴሉ ባለቤት ሃሪሰን ሃይታወር ሣልሳዊ የሚባል እጅግ ሀብታም ሰው ነበር። ይህ ሰው ዓለምን እየዞረ የየሕዝቡን ቅርስ፣ የየቤተ መቅደሱን ዕቃ እየወሰደ ሆቴሉን ይሞላ ነበር። በመጨረሻም ወደ ኮንጎ ወንዝ ሄዶ ሺሪኪ ኡቱንዱ የሚባል ጣዖት ወሰደ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1899፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ስለ ጀብዱው ካወራላቸው በኋላ ጣዖቱን ይዞ በአሳንሰር ወደ መኖሪያው ሲወጣ አሳንሰሩ ተበጥሶ ወረደ። በሩ ሲከፈት ጣዖቱ ተገኘ፤ ሰውየው ግን የለም። ሆቴሉም ተዘጋ። ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ የከተማዋን ቅርስ እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ከፍተው ጎብኚ ያስገባሉ፤ እኛም ጎብኚዎቹ ነን ማለት ነው። ሰውየውም፣ ጣዖቱም፣ ጣዖቱ ከሱ ተወሰደ የተባለው ነገድም የተፈጠሩ ናቸው። ሆኖም በኮንጎ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ሲዋዋሉና ቃል ሲገቡ ምስማር የሚመቱበት የእንጨት ምስል በእርግጥ አላቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ቆመዋል። ስለዚህ ተረት ነው ብዬ ልተወው አልቻልሁም።

በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ሥዕሎች አሉ። ከሩቅ ስታያቸው የጀግና ሥዕል ይመስላሉ። ቀረብ ብለህ ስታይ ግን ሰውየው በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ዕቃ ታቅፎ ሲሸሽ፣ የአገሩ ሰዎች ደግሞ ከኋላው ሲያሳድዱት ታያለህ። ሠዓሊው የዘራፊውን ፊት በኩራት የተሞላ አድርጎ ሲሥል የባለ ዕቃዎቹን ቁጣም አልደበቀም። ሰልፉ ወደፊት ሲሄድ እኔ ቆሜ ቀረሁና ከኋላዬ ያለች ሴት በትሕትና ነካ አድርጋኝ አለፈች።

ከዚያ ወደ ሰውየው የሥራ ክፍል አስገቡን። መብራቱ ደከመ፤ ከጥንት የሸክላ ማጫወቻ የራሱ የሃይታወር ድምፅ ተሰማ። ቋንቋው ጃፓንኛ ስለነበር ቃሉ አልገባኝም፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ንቀት ግን ትርጉም አላስፈለገውም። ጣዖቱ ከፊታችን ተቀምጧል፤ አጭር፣ ጥርሱን ያገጠጠ የእንጨት ምስል ነው። በድንገት ዓይኖቹ አረንጓዴ አበሩ፣ ወደ እኛ ዞረ፣ ሳቀ፤ ከዚያም በዓይናችን ፊት ጠፋ። እንዴት እንዳደረጉት እስካሁን አልገባኝም። ብርሃንና መስተዋት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ነገር ግን እጄ ሳላዘው በአንገቴ ላይ ያለውን መስቀል ይዞ ነበር።

ቀጥሎ የገባንበት ክፍል ግን ከጣዖቱ ይልቅ እኔን የነካኝ ነው። መጋዘን ነው። የተዘረፈው ዕቃ ሁሉ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ የድንጋይ ሐውልት፣ ጋሻ፣ ጭምብል፣ ሣጥን በሣጥን ላይ። ከአሳንሰሩ በር ፊት ቆመን ተራ ስንጠብቅ ዓይኔ ሳይታወቀኝ የአገሬን ዕቃ ይፈልግ ጀመር። ጽና፣ ጸናጽል፣ የብራና መጽሐፍ። አላየሁም። መቅደላን አሰብሁ፤ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ያጋዘውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፣ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ማንም እንዳያያቸው ተሸፍነው የተቀመጡትን ታቦታት አሰብሁ። ከዚያ ዓይኔ አንድ የቆርቆሮ ማዕዘን በተመታበት የእንጨት ሣጥን ላይ አረፈ፤ የቤቴን ሣጥን መሰለኝ። ያንን ጊዜ አንተ ትዝ አልኸኝ።

በአሳንሰሩ ውስጥ በመደዳ በተሠራ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን፤ ሠራተኞቹም የእያንዳንዳችንን ቀበቶ በእጃቸው ሳብ እያደረጉ አረጋገጡ። በሩ ተዘጋና በጨለማ ወደ ላይ ወጣን። አንድ በር ሲከፈት ሃይታወር ጣዖቱን ሲነካና አረንጓዴው ብርሃን ሲመታው አየን። ሌላ ሲከፈት ትልቅ መስተዋት ከፊታችን ነበርና ተቀምጠን የነበርነውን ሰዎች ሁሉ አሳየን፤ ባልደረቦቼ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ወዲያውም ምስላችን እንደ ጉም ተለውጦ ጠፋ። ራስን አይቶ ወዲያው ማጣት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በቃል ልነግርህ አልችልም። ቀጥሎ ከጫፉ ላይ መስኮቱ ተበረገደ። ቀን ነበር፤ ከሩቅ ውኃው ያበራ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጣናን ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኜ የማየው መሰለኝ፤ ከዚያ ወደቅን።

ሥራውን በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። እንዲህ ያለው አሳንሰር ዝም ተብሎ አይለቀቅም፤ ሳጥኑ በብረት ገመድ ታስሮ በኃይለኛ ሞተር ወደ ታች ስለሚጎተት፣ በራሱ ክብደት ከሚወድቅ ዕቃ ይፈጥናል። ሰውነትህ ከመቀመጫው ብድግ የሚለውና ቀበቶው ብቻ የሚይዝህ ለዚህ ነው። ወርደን ሳንጨርስ መልሶ ወደ ላይ ወረወረን፣ ደግሞ አወረደን። ሌላው ሰው ይጮኻል፣ ይስቃል፤ እኔ «ገብርኤል ድረስልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ከወጣን በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጥሁ። ባልደረቦቼ የታመምሁ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። መውደቁን አልፈራሁም፤ እሱ በደቂቃ ያልቃል። ልቤን የያዘው ይህ ሁሉ ሰው ሰዓት ሙሉ ተሰልፎ የሚሰማው ታሪክ የሌላውን ዕቃ ይዞ ስለቀረ ሰው መሆኑ ነው። ለእነርሱ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውንም በጥሩ ሁኔታ ሠርተውታል፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ቤቴ አስቀምጬ ወደ ባሕር ማዶ የሄድሁ ሰው ነበርሁ።

አሁን ልንገርህ። ወደ አዳማ ስትዛወር የአያትህን የብራና መዝሙረ ዳዊት በአደራ ለእኔ ሰጠኸኝ። የአባትህ አርባ ሲደርስ እንዲጸለይበት እንድልክልህ ደወልህልኝ። እኔም «በሰው እልካለሁ» ብዬህ ያን ማታ ሣጥኑን ከፈትሁ። በዚያ ክረምት ውኃ ቤታችን ገብቶ ነበር፤ ሣጥኑ ደግሞ መሬት ላይ ነበር። የቆዳ ማኅደሩ ርሶ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኖ ነበር። ከዋንዛ የተሠራው የሽፋኑ ገበታ አልተነካም። መዝሙሮቹም አልተነኩም። ነገር ግን የመጨረሻው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ተሸብሽቧል፤ ቀዩ ቀለም ሟሙቶ ወደ ጥቁሩ ፈስሷል። በዚያ ቅጠል ላይ አያትህ በጣታቸው እየተከተሉ ያነበቡልን ቃል ነበር፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን። «ዘሰረቆ» የሚለው ይነበባል፤ «ዘፈሐቆ» የሚለው ግን የለም። እኔ ሳልነካው ተፍቋል።

ምን ብዬ እንደምነግርህ አጣሁ። ዛሬ ነገ ስል አርባው አለፈ፤ ከዚያ ተዝካሩ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስልክህ ሲጮኽ ስምህን ማየት ራሱ አስፈራኝ። አንተ በለቅሶ ላይ ሆነህ የለመንኸኝን ነገር ከልክዬህ፣ ምክንያቱንም ሳልነግርህ ቀረሁ። ይህ በደል ነው፤ ከመጽሐፉ መበላሸት የሚበልጠው በደል ይህኛው ነው።

ልጆች ሆነን ከአያትህ ጋር ወደ ደጋ እስጢፋኖስ በጀልባ የሄድንበት ቀን ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያለሁ ፊቴ መጣ። የነገሥታቱን ዐፅም ባሳዩን ጊዜ፣ ዐፄ ፋሲል ናቸው ሲሉን፣ አንተ እጄን ጨብጠህ ያዝህ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት የብራና መጽሐፍ ከጨርቅ ፈትተው ገለጡልን፣ አያትህ ተሳለሙት፣ መልሰውም በዚያው ጨርቅ ሲጠቀልሉት ጨርቁን የሚያጥፉበትን አኳኋን አስታውሳለሁ፤ አራቱን ጫፍ አንድ በአንድ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው። እነዚያ አባት የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ዕቃ እንዲያ ይዘው ሲኖሩ፣ እኔ የአንድ ወዳጄን መጽሐፍ መሬት ላይ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ትቼው ነበር።

ከጃፓን በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ዘጌ ተሻግሬ ብራና የሚያውቁ አንድ መሪጌታ አሳየኋቸው። ቅጠሉ እንዳይፋቅ፣ በፀሐይም እንዳይሰጣ፣ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲናፈስ አዘዙኝ። የጠፋውን ቃል መልሰው መጻፍ እንደሚችሉ ነገሩኝ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብዕር እንደማያነሡ አስረግጠው ተናገሩ። ስለዚህ ውሳኔው የአንተ ነው፤ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነ ወይም እንዳለ እንዲቀመጥ ትፈልግ እንደሆነ ጻፍልኝ። ማኅደሩን ግን የቆዳ ሠራተኛ አይቶት ከእንግዲህ እንደማይለሰልስ ስለነገረኝ አዲስ አሠርቻለሁ፤ አሮጌውንም አልጣልሁትም።

ለሰው አልሰጥም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ አለኝ። እቤትህ መግባቴን ካልፈለግህ እስከ ደጅህ አምጥቼ ለባለቤትህ ሰጥቼ እመለሳለሁ፤ አልከፋም። እስከዚያው ድረስ ከመኝታዬ ራስጌ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ማታ ማታ ጨርቁን እከፍትና እርጥበት ገብቶት እንደሆነ በመዳፌ ዳስሼ፣ አራቱን ጫፍ መልሼ አጥፋለሁ።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ