ለአባቴ፤ ስለ ዋሊያስ ባንድ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እማዬ የላከችው በሶና ሽሮ፣ በመካከሉ የሸጎጡት ደብዳቤዎም በሰላም ደርሶኛል።

በደብዳቤዎ «አሜሪካ ከቀሩት የዋሊያስ ልጆች የምታገኘው አለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በአካል ያገኘሁት የለም። ነገር ግን ሸክላውን ባስደመጡን ቁጥር «ይህን የመሰለ ባንድ አሜሪካ በላችው» ይሉ የነበረውን እዚህ ሆኜ ደጋግሜ አስቤበታለሁና የመሰለኝን ልጽፍልዎ ወደድኩ።

አነሣሣቸውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ተሰባስበው ባንዱን ካቋቋሙ በኋላ ወደ ሒልተን ገብተው ዓመታት ማስቆጠራቸውን፣ በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል እነርሱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወታቸውን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በአጎቴ ሠርግ ማግስት እዚያው አድረው፣ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው ጎሕ ሲቀድ ቤት መግባትዎን እማዬ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። በ1977 (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ቼ በለው»ን ሲያሳትሙ፣ ዘፋኝ የሌለበትን ሸክላ የሚገዛ ብዙ አልነበረም፤ እርስዎ ግን ገዙት።

በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ፣ ከአገራችን ዘመናዊ ባንዶች ይህን ጉዞ ያደረጉ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። አብዛኛው አድማጫቸው አገሩን ጥሎ የወጣው የእኛው ስደተኛ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚሁ ቀሩ፤ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመልሰው በሌሎች ባንዶች ሥራቸውን ቀጠሉ። ዋሊያስም በዚያው ፈረሰ። ሰው ባንድ ሲፈርስ ጠብ ወይም ገንዘብ ይፈልጋል፤ እነዚህን ግን የለያቸው ወደ ደርግ አገር የመመለስ ያለመመለስ ነገር ነበር።

የቀሩት ሲሳይ ወረደላቸው እንዳይሉ። ከመካከላቸው ዙላ ባንድን ያቋቋሙ ነበሩ፤ ኃይሉም ከእነርሱ አንዱ ሲሆን ውሎ አድሮ ታክሲ ነጂ ሆነ። እኔም እንደሚያውቁት እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ይዤ ሰው እጠብቃለሁ፤ ሰዓቱ አልገፋ ይላል። እርሱ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ፣ ተራው እስኪደርስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ እንደነበር ሳነብ፣ ወርጄ የራሴን ዕቃ መጫኛ ከፍቼ አየሁት፤ ትርፍ ጎማና የበረዶ መጥረጊያ ብቻ ነበር። ኋላ አንድ አሜሪካዊ የኃይሉን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ቢያሳትመው፣ ኃይሉ በስተርጅና እየተጫወተ ዓለምን መዞር ጀመረ።

ስለዚህ አባዬ፣ «በላችው» የሚለውን ቃል ቢያነሡልኝ ደስ ይለኛል። ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ ስድስተኛውን የያዝኩ ሰው ይህን ስል ስለ ዋሊያስ ብቻ እንዳልሆነ አያጡትም።

ባለፈው ወር አንድ ቡና ቤት «ቼ በለው»ን ከፍተውት ነበር። የእኛ ሸክላ ጭረት ስላለበት ኦርጋኑ ከሚዘልበት ስፍራ ሲደርስ አንገቴን አቀርቅሬ ጠበቅሁ፤ ሳይዘል አለፈ። ሰምቼው የማላውቀው ዜማ በመካከሉ ተገኘ። ታናሽ ወንድሜ ሸክላውን አጫውቶ በስልኩ ይቅረጽልኝ፤ መርፌዋ ስትዘልም እንዳያቋርጣት ይንገሩልኝ።

ልጅዎ