ድጎማ ማጭበርበር የሚባለው የቱ ነው?

ውድ አባላት፣

ከመንግሥት የገንዘብ ድጎማ እየተቀበላችሁ ትንሽ ሥራ ብትሠሩ አጭበርባሪ የምትባሉ የሚመስላችሁ አላችሁ። በፍርሃት መብቱን የሚተው ሰው ሳይ በጣም ያሳዝነኛል። መሥራት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ገቢን ሆን ብሎ መደበቅ ነው ጥፋቱ።

ቅጽ ስትሞሉ በስህተት የተዛባ ቁጥር ብትጽፉ ወይም ድጎማውን የሚከፍለው ቢሮ ራሱ ተሳስቶ አስልቶ ትርፍ ገንዘብ ቢያስገባላችሁ፣ ያ ማጭበርበር አይደለም። ገንዘቡን ግን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ትርፍ መሆኑን እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት አብሮ የመኖር ጉዳይ ነው። የትዳር ጓደኛ አብሮ እየኖረ፣ ወጪም እየተጋራ፣ ቅጹ ላይ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ መፈረም ማጭበርበር ነው። እህት ለጥቂት ቀን በእንግድነት ብታድር ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን አይለውጠውም። ከቆየች ቢሮውን ጠይቁ።

ገቢ፣ አድራሻ ወይም የቤተሰብ ብዛት ሲለወጥ ቶሎ በጽሑፍ አሳውቁ። የላካችሁበት ቀን ያለበትን ኮፒ አስቀምጡ። በስልክ የነገራችሁት ነገር በኋላ ማስረጃ ላይሆን ይችላል። የምርመራ ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ እባካችሁ አትጣሉት፤ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።