ያልጎደለ ጉድለት

ውድ ልጄ፣

ትናንት በስልክ ስታለቅሺ ቃል አጠረኝ። እናትሽም ከጎኔ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች አላናግር አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ተነስቼ ይህን ጻፍኩልሽ።

አሠሪሽ፣ ያ ሰውዬ፣ የስቶር ሥራሽን ስትለቂ ምንም አላለም። የቀረ ደመወዝሽን ስትጠይቂው ነው «ከስቶር ዕቃ ጎድሏል፤ 85 ሺህ ብር ካልከፈልሽ በሌብነት አስከስስሻለሁ» ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ያልታየ ጉድለት፣ ደመወዝ ሲጠየቅ ታየ! ደግሞ ልብ በይ፣ ምን ዕቃ እንደጎደለ እስካሁን አልነገረሽም። ብሩን ግን ያውቀዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጣል። እናንተ ጋ ሞዴል ባይኖርም የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ አለ። ጎደለ የሚባለው ተቆጥሮ፣ ከካርዱ ጋር ተመሳክሮ ነው፤ ያውም አንቺ ባለሽበት። ቁልፉን አስረክበሽ ከወጣሽ በኋላ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቷል? የተፈራረማችሁበትን የርክክብ ወረቀት ዛሬውኑ ኮፒ አድርጊ። ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ። በቴሌግራም የላከውን የድምፅ መልእክትም አታጥፊው።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አንቺ ሳትወለጂ እኔም ላይ ደርሷል። አሥራ አራት ጎማ ጎደለ ተባልኩ። አለቃዬ «ዝም ብለህ ፈርም፤ ቀስ እያለ ከደመወዝህ ይቆረጣል፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል» አለኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈረምኩ። ዓመት ከስምንት ወር ተቆረጠብኝ። እናትሽ የአንገት ሀብሏን የሸጠችው ያኔ ነው፤ ጠፋብኝ የምትልሽ ውሸቷን ነው። በኋላ ጎማዎቹ ሌላ ቅርንጫፍ ተገኙ። በደንብ ወጪ ተደርገው ሄደው፣ ወረቀቱ ፋይል ሳይደረግ ቀርቶ ኖሯል። ገንዘቤን ብል «አምነህ ፈርመሃል» ተባልኩ።

ስለዚህ «ጎድሎብኛል፣ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። «ለፎርማሊቲ ነው» ቢልሽም። ሽማግሌ ቢልክ ሽማግሌ ይከበራል፣ ቡናም ይጠጣል፤ ግን አይፈረምም።

ደመወዝሽን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይፈጸም ይላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤም በነፃ ይሰጥሻል። ግን የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ይባላል። ሁለቱ ወር ሄዷል። ሰውየው በማስፈራራት ጊዜ እየገዛ ይሆን ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

ፖሊስ ከጠራሽ ሂጂ፤ አትደበቂ። ቀድመሽ ለእኔ ደውዪ። ዝም የማለት መብት አለሽ። ብትያዢ እንኳ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡሽ ይገባል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። እያወቁ በሐሰት ሰውን መወንጀልም ራሱ ወንጀል ነው፤ እሱም ይህን ቢያውቅ ይሻለዋል።

አጎትሽ ዋስሽ ስለሆነ ማታውኑ የውሉን ኮፒ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ቤቴን ይወስዱብኛል ወይ?» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋስ የሆነበት የገንዘብ ጣሪያ የትም አልተጻፈም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1922 ይህ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም ይላል። እሱ ትንሽ ተንፍሷል። ሚስቱ ግን ዛሬም ሰላም አላለችኝም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ ከደሴ እነሳለሁ። እናትሽ በሶ እያዘጋጀች ነው። ቅጥር ደብዳቤሽን፣ ርክክቡን፣ መልቀቂያ ያስገባሽበትን ኮፒ በአንድ ላስቲክ አድርገሽ ጠብቂኝ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ሰውየው ከደወለ «አባቴ ሰኞ ይመጣል፤ ቢን ካርዱን አዘጋጁለት» በይው።

አባትሽ